ለሐኪሙ የዋሸሁት

ወንድሜ መርፌ፣

ታክሲው ደጅ ቆሟል። ፊትህን እያየሁ ይህን መናገር ስለማልችል ሳልቀሰቅስህ ወጣሁ። ልብስህን ከገመዱ አውርጄልሃለሁ።

ለኔ ብለህ ሲጋራ የተውክ ቀን የጣልካትን ፓኮ ከቆሻሻው መልሼ አነሳኋት። እሷ ስታልቅ ሌላ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ፀጉር ቤቱ ጓሮ፣ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሳጨስ ነው የከረምኩት።

ሐኪሙን ግን "ካቆምኩ ሁለት ወር ሞላኝ" አልኩት። "ጎበዝ! የሚያጨስ ሰው ከልብ ኦፕራሲዮን በኋላ ሳንባው ያስቸግረናል፤ ከመተንፈሻው ማሽን ቶሎ አይላቀቅም" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እውነቱን ልንገረው?

አንተስ ብትሆን፣ ሽታው ሳይደርስህ ቀርቶ ነው? አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት?

ተወው። ጥፋቱ የኔ ነው።

እንደተነሳህ ለሐኪሙ ደውልለት፤ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጀርባ አለ። ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚያስገቡኝ፣ ከዚያ በፊት ይስማ። ይስደበኝ፣ ቀኑንም ይግፋው፣ ብቻ ሳያውቅ እንዳይቀደኝ። እኔ እዚያ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ፈርቻለሁ፣ ወንድሜ።

ይህን ስጽፍም እያጨስኩ ነው። ይህንንም ንገረው።

ወንድምህ ምላጭ