ያጠራሁት ፊት

ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ለልጄ አባት፣

ይህ ደብዳቤ ባሕሩ ጸጥ ብሎ፣ የወገብህም ሕመም ቀለል ብሎልህ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ግን ምኑን ደህና እንደምልህ ራሴም አላውቀውም። በስልክ ያልነገርኩህን ነገር አንደኛዬን ልንገርህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ወደብ ስትደርሱ የምትደውልበት አሥር ደቂቃ "ሃሎ፣ ይሰማል?" ስንባባል ነው የሚያልቀው፤ በዚያ ላይ ልጅህ ድምቡሼ ከጎኔ ቆማ ጆሮዋን አቁማ እያዳመጠች ምን ልል? ባልደረባህ ሐሙስ ወደ መርከቡ ይመለሳል ሲሉኝ ጊዜ በእሱ እጅ ልልከው ቆረጥኩ። አሁን ምሳ ሰዓት ነው። ፎቶ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ሆኜ እየጻፍኩ ነው።

ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል። ከፎቶዎቹ ልጀምር መሰለኝ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት የላክሁልህ የልጅህ ፎቶዎች የእሷ አይደሉም። የእሷ ናቸው፤ ግን አይደሉም። በቀደም "ቆዳዋ የሕፃን ቆዳ ነው የሚመስለው፣ አንቺን ነው የወጣችው" ብለህ የጻፍክልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩና ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጅህ ፊቷ ላይ ብጉር ወጥቶባታል። ግንባሯ፣ ጉንጮቿ፣ አገጯ ሁሉ። አንዱ ሲደርቅ ሌላው መግል ይይዛል፣ የደረቀው ደግሞ ጠቁሮ ይቀራል። ሥራዬን ታውቀዋለህ። ለጉርድ ፎቶ የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ "እባክሽ ይቺን ነገር አጥፊልኝ" ይለኛል። አጠፋለሁ። የእሷንም ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው እጄ ሳያስፈቅደኝ አጠፋው። ከዚያ ለአንተ ላክሁት። ከዚያ የሚቀጥለውንም እንደዚያው ማድረግ ግድ ሆነብኝ፤ አለዚያ "ምን ነካት?" ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ።

የጀመራት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ነው። ግንባሯ ላይ ሁለት ፍሬ ብቻ። "ጉርምስና ነው፣ ይጠፋል" ብዬ ተውኩት። አልጠፋም። ከዚያ መካሪው በዛ። ጎናችን ያለው ልብስ ሰፊ "የጥርስ ሳሙና ቀቢያት፣ ድርቅ ነው የሚያደርገው" አለኝ። እናቴ ሎሚ አለች። ባለሱቁ "ቸኮሌት ከልክያት" አለ፤ ልጅቷ ቸኮሌት የምታገኘው በዓመት ስንቴ እንደሆነ አያውቅም። አንዷ ደንበኛዬ "በቀን አምስቴ ፈትጋ ትታጠብ" ስትለኝ ሌላዋ ደግሞ "ኧረ ውኃ እንዳይነካት!" አለችኝ። ማንን ልስማ? ሁሉንም በየተራ ሞከርኩት። ሎሚው ፊቷን አቃጥሎ ሁለት ቀን አስለቀሳት፤ የጥርስ ሳሙናው ቆዳዋን ላጠው። እሷ ደግሞ መታጠቢያ ቤት በሩን ቆልፋ መስታወቱ ፊት ቆማ ታፈርጠዋለች። "ተይ፣ ጠባሳ ይሆናል" ብዬ በሩን ስደበድብ "ጨርሻለሁ!" ትለኛለች። ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ፣ እዚህም እዚያም ደም ነክቶት ነው።

ባለፈው ክረምት እህትህ ልትጠይቀን መጣች። አይታት ደነገጠች፤ በሳምንቱ ከጸጉር ቤቷ አንድ ትንሽ ነጭ ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች። ጽሑፍ የለበትም፣ ምንም የለበትም። "እዚያው ነው የሚቀምሙት፣ ሁሉም ሰው የሚጠቀመው እሱን ነው" አለችኝ። ራሴ በጣቴ እየቀባሁ አስጀመርኳት። ብታምነኝም ባታምነኝም በአሥር ቀን ፊቷ ጠራ! ልጅቷ መሳቅ ጀመረች፤ እኔ አለቀስኩ። ሐምሌ ላይ የላክሁልህ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰችበት ፎቶ አለ አይደል? ከሁሉም እሱን ብቻ እጄ አልነካውም። እውነተኛ ነው ብዬ ኮርቼ ነበር የላክሁልህ።

ብልቃጡ ሲያልቅ ግን ጉድ ፈላ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ብጉሩ በፊት ባልነበረበት ቦታ ሁሉ ወጣ። እህትህን ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በፍቅር ያመጣችውን ነገር ምን ብዬ? ደግሞስ የቀባኋት እኔ አይደለሁም እንዴ?

በዚህ መሃል ትምህርት ተከፈተ። የትምህርት ቤቱን የመታወቂያ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፤ የእሷም እዚያ ውስጥ ነበር። እንዳይስቁባት ብዬ አንድም ሳላስቀር አጠራሁት። መታወቂያው በታደለ ማግስት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድምቡሼ ቦርሳዋን እንዳዘለች ፎቶ ቤት መጣች። ደንበኛ ተቀምጦ ነበር፤ አላየችውም። መታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ማናት ይቺ?" አለችኝ።

"አንቺ ነሻ።"

"እኔ አይደለሁም። ጥበቃው እንኳን አውቋል።"

ለካ በሩ ላይ ጥበቃው መታወቂያውን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ እንደገና መታወቂያውን አይቶ "የማንን መታወቂያ ነው ይዘሽ የመጣሽው? ይቺ እህትሽ ናት?" ብሎ አቁሟት ኖሯል። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። እሷም ዞራ ወጣች።

"እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው" አልኳት።

"እነሱ ቢያንስ አይተውኝ ነው የሳቁት" አለችኝ። "አንቺ ገና ሳያዩኝ አፈርሽብኝ።"

ደንበኛው ተነስቶ ወጣ። ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ እኔም ሂጂም ቅሪም ማለት አቃተኝ። በአራተኛው ቀን ራሷ "ሐኪም ቤት ውሰጅኝ" አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ስጠይቅ የቆዳ ሐኪም የሚባል ሰው መኖሩ ለምን ትዝ እንዳላለኝ እስካሁን አይገባኝም። ብጉር በሽታ መስሎ አልታየኝም መሰለኝ።

ሐኪሟ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ሴት ናት። ብልቃጡን ይዤላት ሄጄ ነበር። ከፍታ አሸተተችውና ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። "ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት የተቀላቀለበት ይመስለኛል። ለጊዜው ያጠራና ሲቆም ብሶበት ይመጣል" አለችን። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለልጅቷ ማስረዳት ጀመረች። "ልጄ፣ ይሄ በቆሻሻ የመጣ አይደለም። ሰውነትሽ ሲያድግ ቆዳሽ ቅባት አበዛ፣ ቀዳዳዎቹ ተደፈኑ፣ ተቆጡ። ጠዋትና ማታ ብቻ በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ፤ አትፈትጊው። ማታ ማታ ይሄን ጄል፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ብጉሩ ላይ ሳይሆን ፊትሽን በሙሉ ትቀቢያለሽ። ቀን ቀን የፀሐይ መከላከያ፤ ፀሐይ ጥቁሩን ምልክት ያባብሰዋል። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ ምናልባትም ይብስብሻል። እንዳታቆሚ። ሦስት ወር ስጪኝ። ካልሆነ የሚዋጥ መድኃኒት አለ፤ ጠንካራ ስለሆነ ግን ያለ ደም ምርመራና ያለ ክትትል አልሰጥሽም።"

"ጠባሳውስ?" አለች ድምቡሼ።

"ጥቁሩ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል። የጎደጎደው ግን በራሱ አይሞላም። መጀመሪያ አዲስ መውጣቱን እናስቁም፤ ከዚያ በቀጭን መርፌም በጨረርም የሚሠራ ሕክምና አለ። ይቀንሳል፤ እንዳልነበረ ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም። ዋናው ነገር ከአሁን በኋላ በጣትሽ አትንኪው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ከቤተሰብ ውስጥ በልጅነቱ ብጉር የጠናበት፣ ጠባሳ የቀረበት ሰው አለ? አባቷስ?"

"የለም" አልኩ።

እግዜር ያሳይህ፣ አልዋሸሁም። ውሸት መሆኑን ሳላውቅ ነው ያልኩት። ፊትህን በሐሳቤ ስፈልገው የመጣልኝ ሳሎን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የሠርጋችን ፎቶ ያለው ፊትህ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ጉንጭህ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነው።

"አባቴ አለበት" አለች ልጅህ።

"አንቺ የት አየሽው?" አልኳት። አንተ ስትሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምታውቀው ያንኑ የግድግዳውን ፎቶ ነው።

"ትዝ ይለኛል" አለች። "ሲያቅፈኝ ጉንጩን እዳስሰው ነበር። የብርቱካን ልጣጭ ነበር የሚመስለው። ፎቶው ላይ ስለሌለ በሕልሜ ያየሁት እየመሰለኝ ነው እንጂ ትዝ ይለኛል።"

ሐኪሟ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደዚህ መጣን። የሠርጋችንን ፊልም ያስቀመጥኩበትን ካርቶን ከመደርደሪያው ላይ አወረድኩ። ያኔ ገና ተለማማጅ ነበርኩ፤ አሠሪዬ እጅሽን አፍታቺበት ብሎኝ የራሴን ሠርግ ፎቶ ራሴ ነበርኩ ያጠራሁት። ፊልሙን ስካን አድርጌ ኮምፒውተሩ ላይ ለድምቡሼ ከፈትኩላት። እነዚያ ሁለት ጉንጮችህ መጡ። በግራ በኩል አገጭህ አጠገብ ያለው ትልቁ ስርጉድ ሳይቀር መጣ። ጣቷን እስክሪኑ ላይ አስቀመጠች።

"ይሄ ነው" አለች። "አባቴ ይሄ ነው።" ከዚያ "ለምን አጠፋሽበት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፣ መልሱን እየፈለግሁ ነው። አፍሬብህ ነበር? አይመስለኝም። ያኔ አውቶቡስ ተራ ከጎኔ ተቀምጠህ ስትስቅ ያ ጉንጭህ ሲጨማደድ አይቼ አይደል የወደድኩህ? ታዲያ ለምን? ያን ፎቶ አሳትሜ ሳመጣልህ ትዝ ይልሃል? ብዙ አየኸውና "ይሄ ሰውዬ ማነው?" ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀልድ ነበር? ፈቃድህ ሦስት ጊዜ ተሰረዘ ብለኸኛል፤ አምኜሃለሁ። ለምን አልመጣህም ብዬ አልጠይቅህም። ስንደዋወል ካሜራውን ከፍተህ የማታውቀው ኔትወርኩ ስለማይችል ነው፤ እሱንም አምኜሃለሁ። ብቻ እነዚህ ነገሮች ሥራ ላይ ሆኜ እየመጡ ይደባለቁብኛል።

ለማንኛውም ስለ ልጅቷ ልጨርስልህ። የመጀመሪያው ወር መከራ ነበር፤ ሐኪሟ እንዳለችው ተላጠ፣ ባሰ። ይሄም መድኃኒት እንደ ብልቃጡ ሊሆን ነው ብዬ ላስጥላት ስል "እኔ ነኝ የማውቀው" ብላ አልሰማችኝም። በዚያው ሰሞን የትራስ ጨርቆቹ ላይ፣ ፎጣው ላይ፣ ለብሳው የምትተኛው ያንተ ግራጫ ሸሚዝ አንገት ላይ ሁሉ ነጭ ነጭ ቦታ ይወጣ ጀመር። ሳሙናውን ቀየርኩ። የልብስ ማስጫ ገመዳችንን የሚጋራውን ልብስ ሰፊ በረኪና ረጭተህብኝ ነው ብዬ ተጣላሁት፤ ምስኪኑ ሰው ምሎ ተገዘተ። ለካ ጄሉ ጨርቅ ያነጣል፤ ሐኪሟ ነግራን እኔ አልሰማኋትም። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም "የጥርስ ሳሙናው እንዲህ አያደርግም ነበር" አለኝ።

አሁን አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነን። አዲስ የሚወጣው ትንሽ ነው፣ እሱም ቶሎ ይደርቃል። ጥቁሩ መደብዘዝ ጀምሯል። ቀኝ ጉንጯ ላይ ሰባት ስርጉዶች ቀርተዋል፤ ቆጥራቸዋለች። ከመታጠቢያ ቤት ቶሎ ትወጣለች። አንዳንድ ቀን ትስቃለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ኮፍያዋን ዓይኗ ድረስ አውርዳ ትሄዳለች፤ የትኛው ቀን የትኛው እንደሚሆን ማወቂያ የለኝም።

ትናንት ለአንተ የሚላክ ፎቶ አነሳኋት። ራሷ ናት "አንሺኝ" ያለችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ምንም ላልነካ ለራሴ ምዬ ነበር። ግን እጄ ሄደ። አንዷን ብቻ፣ አገጯ ላይ ያለችውን ብቻ ላጥፋ ብዬ። እጇን እጄ ላይ ጫነችው። አልተቆጣችም። "ተነሺ እስቲ" ብላ ወንበሩን ወሰደችብኝ፣ ራሷ አተመችው፣ ለእኔ ሳታሳየኝ ወረቀት ውስጥ ጠቀለለችው። ሌላም ነገር ስትጽፍ ነበር። "ምን ጻፍሽለት?" ስላት "አንቺ የራስሽን ጻፊ" አለችኝ። ፖስታውን የምታሽገው እሷ ናት። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ምን እንደሚደርስህ አላውቅም። ፎቶው ይሁን፣ ያ የድሮው ፊልም ይሁን፣ ወይስ ለእኔ የማትነግረኝ ሌላ ጥያቄ። ምንም ይሁን ምን፣ ለእሷ መልስላት። ለእኔ ባትመልስም ግድ የለም። ግድ አለኝ፤ ግን ለእሷ መልስላት።

በር እየተንኳኳ ነው፣ ደንበኛ መጥቷል። ፈጣሪ ከማዕበሉም ከሞተሩ እሳትም ይጠብቅህ። እጅህን ጓንት ሳታደርግ የጋለ ብረት ላይ እንዳታሳርፍ። የምትተኛበት አልጋ ይመችህ፣ አብረውህ ያሉትም ደግ ይሁኑልህ።

ሌላ ስም እስክትሰጠኝ ድረስ፣

ሚስትህ