በሌላ ሰው ድምፅ ስለተቆጠረች ልጅ

ለተከበሩ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጉንፋኑ ለቀቅ እንዳደረገዎትም ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ስብሰባ መድረኩ ላይ ሳል ሲይዝዎት ሰዎች ከሦስት አቅጣጫ ውሃ ይዘው ሲሮጡ አይቼ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ሲያጥር ወዲያው የሚሰማበት ቦታ መኖሩን በማወቄ እጅግ ተጽናንቻለሁ። ፈጣሪ ትንፋሽዎን ያርዝምልዎ።

ነገሩ የተበላሸበት ቅጽበት ከቢሮዎ መስኮት ሊታይ ይችል ስለነበር ከዚያው ልጀምር። አመሻሹ ላይ፣ ደመናው ወርዶ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ የሴቶች ዶርም ሰገነት ላይ ወጥተው፣ ልብስ ወደምናሰጣበት የሚያስገባው በር ደፍ ላይ ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው «ሰው አለ?» ብለው ተጣሩ። መልስ አልመጣም። በሩን ገጥመው ጓጉንቸሩን ቆለፉ። ከተሰጡት አንሶላዎች ጀርባ ግን ሰው ነበረ።

ጋሼን አይውቀሱብኝ። ወንድ ጥበቃ በተሰጣ የሴት ልብስ መካከል እንዳይገባ የሚከለክለው መመሪያ የራስዎ ነው፤ እሳቸውም የሴት ልጆች አባት ስለሆኑ መመሪያው ባይኖርም አይገቡም ነበር። በእኛ ዶርም ነገር ሁሉ የሚሠራው በድምፅ ነው። ሰገነቱ በድምፅ ይፈተሻል፤ እኛም በድምፅ እንቆጠራለን። ምሽት ላይ የፎቁ ተጠሪ፣ ማለትም እኔ፣ ኮሪደሩን ይዤ በር በበር አንኳኳለሁ፤ ከውስጥ አንዷ ስለ ሁሉም «አለን» ትላለች፤ እኔም ወደሚቀጥለው በር አልፋለሁ።

በድምፅ በሚተዳደር ቤት ውስጥ ድምፅ የሌላት ልጅ ነበረችን። አስም ደረቷን ስለሚይዛት ቃሏ ከጎኗ ከተቀመጠው ሰው አያልፍም ነበርና ሹክሹክታ እንላት ነበር። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ስታስነጥስ ከሁለት ፎቅ በታች «ይማርሽ» የምትባል ልጅ ናት፤ እሷን ጡሩንባ እንላታለን። በቆጠራ ጊዜ ጡሩንባ ስለ ሹክሹክታ ጭምር ትመልስላት ነበር። ይህ ማጭበርበር አልነበረም፤ ዐቅም ላነሳት ልጅ ባልዲ እንደመሸከም ያለ ውለታ ነበር። በዚያን ምሽት ጡሩንባ ወደ ታች አጎንብሳ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አየች፤ ጓደኛዋ ተኝታ መሰላት። አንኳኳሁ። «አለን» አለች። አለፍኩ።

ዝናቡ ሲወርድ አደረ። የአስም መንፊያዋ ትራሷ ሥር ነበር። ጠዋት ጓጉንቸሩ ሲከፈት ሹክሹክታ በሩን ተደግፋ ነበርና ከበሩ ጋር አብራ መጣች። በእጇ የእንጨት ልብስ መቆንጠጫ ጨብጣ ነበር፤ የበሩ ቀለም እጇ በሚደርስበት ቁመት ላይ ተፈቅፍቋል። ከሰገነቱ ሥር ያሉት ልጆች አንዳች ነገር ሲንኳኳ ሰምተው ነበር፤ አሸንዳው መሰላቸው። በዚህ ቤት በር የምታንኳኳ ተጠሪዋ ብቻ ናት፤ ከላይ ሆኖ የሚያንኳኳ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

እንግዲህ የምስጋናዬን ዝርዝር በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሹመቴ አመሰግናለሁ። በተማሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት አብዝቼ በመናገሬ «አፍ ያላት እሷ ናት» ብለው ልጆቹ እጃቸውን አወጡልኝ፤ እርስዎም አጸደቁ። አክስቴ በስልክ ስትሰማ ሹመት ያዳብር ብላ መረቀችኝና፣ ከቤታችን ሰው ሲሾም የመጀመሪያዋ ስለሆንሽ ወንበሩን እንዳትሰብሪው አለችኝ። ወንበር እንደሌለው፣ ያለው ኮሪደር ብቻ እንደሆነ አልነገርኳትም። በሥልጠናው ዕለት ተጠሪ ማለት የዲኑ ዓይንና ጆሮ ነው አሉን። እኔም ይህን አምኜ፣ ብዙም ሳልቆይ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ስላለችኝ በር አስከፍቼ ፊት እያየሁ ልቁጠር ብዬ ለመንኩ። በር እየተከፈተ ከተቆጠረ ሪፖርቱ እንደሚዘገይ በአባታዊ ርኅራኄ አስረዱኝና፣ ይታሰብበታል ብለው ሸኙኝ። ዓይንነቱ ቀርቶ ጆሮ ብቻ ሆኜ ተመለስኩ። እስካሁን እየታሰበበት ከሆነ፣ ስለ ድካምዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ማሰቡን ቢተዉት ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ለክብራችን ስለ መቆርቆርዎ አመሰግናለሁ። ቀድሞ ሰገነቱ የሚዘጋው ከቆጠራ በኋላ ነበር፤ ሰው ከጎደለ መጀመሪያ የሚፈለገው እዚያ ነውና። እንግዶች ሊጎበኙን በመጡበት ሳምንት ግን የሴት ልብስ በነፋስ ሲውለበለብ ከዋናው መግቢያ መታየቱ የተቋሙን ገጽታ እንደሚያበላሽ ተገነዘቡና፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ልብሱ እንዲነሣ፣ በሩም ከቆጠራው በፊት እንዲቆለፍ አዘዙ። እንግዶቹ ሄዱ፤ ትእዛዝዎ ግን እንግዳ ስላልነበረ ቀረ። ሹክሹክታ ሰገነት የወጣችው ያንኑ ትእዛዝ ልታከብር፣ አንሶላዋን ልታነሣ ነው። በማግሥቱ ፊቷን የሸፈንነው በዚያው አንሶላ ነበር። ከዋናው መግቢያ ይታይ አይታይ እኔ አላወቅሁም፤ እርስዎ ያውቁ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ በሰሌዳ ላይ ስላስለጠፉት መግለጫ አመሰግናለሁ። «በምሽቱ ቆጠራ ነዋሪዎች ሁሉ በክፍላቸው መገኘታቸው በፎቁ ተጠሪ ተረጋግጧል» ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሟቿን ከቆጠራ በኋላ ደንብ ጥሳ ወደ ሰገነት የወጣች፣ እኔን ደግሞ የዚያ ምስክር ማድረግ ለሁሉም የሚሰጥ ችሎታ አይደለም። በማግሥቱ አንድ ሰው የክፍሌ በር ላይ በከንፈር ቀለም «አለን» ብሎ ጻፈልኝ። አላጠፋሁትም፤ ስገባም ስወጣም አነበዋለሁ።

ስለ ሌሎቹም ሊያውቁ ይገባል። ጡሩንባ ድምፅዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠፍቷል፤ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ በጣቷ ትጠቁማለች። ሲያስነጥሳት አፏን በትራስ ትይዛለች፤ ይማርሽ የሚላትም የለም። ጋሼን ለደኅንነታቸው ብለው ወደ ኋላው በር አዛውረዋቸዋል። እዚያ ከሣር በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ «ሰው አለ?» እያሉ ይጣራሉ ብለው ልጆች ይቀልዱባቸዋል። ሄጄ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቀልድ አይደለም። ከተጣሩ በኋላ ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ። ከዚያም እንደ ገና ይጣራሉ።

አራተኛ፤ ሐዘናችን ቶሎ እንዲሽር በማሰብ ክፍሏን የፍራሽ መጋዘን ስላደረጉት አመሰግናለሁ። ቁጥሩ ከበሩ ተነቅሎ ለሚቀጥለው ክፍል ተሰጥቷል፤ ኮሪደሩ ሲታይ የጎደለ የለም። ቀለም ቀቢው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲያመጣቸው፣ አንዲት አዲስ ገቢ ተማሪ በሯ ላይ ቆማ ክፍሌ ዛሬ ማን ሆነ ብላ ሳቀች። እንድትስቅ ተውኳት። ችግሩ እጄ ነው፤ እጄ አዲሱን አቆጣጠር አልለመደም። በቆጠራ ጊዜ የመጋዘኑን በር አንኳኳለሁ። ፍራሾቹ ድምፁን ስለሚውጡት የራሴ እጅ ምት እንኳ ተመልሶ አይመጣልኝም። ቢሆንም ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከወዲያ በኩል፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ እንጨት በእንጨት ላይ ሲነካ እሰማለሁ። አሸንዳው ነው እንዳይሉኝ፤ ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል።

አምስተኛውን ምስጋና ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አንሥቼ ጥያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቢሮዎ አስጠርተው፣ ከዚህ በፊት ቆሜ ባነጋገሩኝ ክፍል ውስጥ ወንበር ስቡላት ብለው አዘዙልኝ። የዶርሞች ሁሉ ዋና ተጠሪ ለመሆን ከእኔ የተሻለ እንደሌለ ገለጹልኝ። ዋና ተጠሪዋ የሚሰጣት ክፍል ለብቻዋ እንደሆነ፣ በሌላ በኩል ደግሞ የግቢውን ስም በክፉ የምታነሣ ተማሪ በዶርም የመቆየቷ ነገር እንደሚያጠራጥር፣ ቤተሰቤም ሩቅ እንደሆነ ሳይቀር አስታወሱኝ። ስለ ቤተሰቤ ማሰብዎ ልቤን ነካው። ከዚያ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

«ማክሰኞ የሟቿ እናት ዕቃዋን ሊወስዱ ይመጣሉ። እናት ናቸው፤ የሚያጽናና ነገር ያስፈልጋቸዋል። ልጅዎ ለቆጠራው በገዛ አፏ መልሳ ነበር በያቸው።»

ክቡር ሆይ፣ እነዚህ እናት አስቀድመው ደውለውልኛል። እንዴት ሞተች ብለው አልጠየቁኝም። ልጃቸው ስትደውልላቸው ሬዲዮውን ዘግተው፣ መስኮቱን ገጥመው፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ዝም አሰኝተው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ተጭነው ይሰሟት እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ልጄ፣ ድምፅዋን መጨረሻ የሰማው ማነው?»

ሲመጡ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። እርስዎ ማክሰኞ እንድሰጣቸው የፈለጉት መልስ የጡሩንባን ድምፅ ነው። ልጃቸውን ለመስማት ቤታቸውን ሙሉ ጸጥ ያሰኙ የነበሩትን እናት፣ ሹክሹክታ ከወፍራም በር ጀርባ ጮክ ብላ «አለን» አለች ብዬ እንዳሳምናቸው ነው። አንዲቷን ልጅ በሕይወቷ ሳለች በሌላ ሰው ድምፅ ቆጠርናት፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ በሌላ ሰው ድምፅ እንድትናገር እንድናደርጋት ነው።

የመጨረሻውን የሰማሁ እኔ ነኝ። ሰገነት ስትወጣ ባዶ ሳፋ በብብቷ ይዛ ደረጃው ላይ ተላለፍን። ዝናብ ሳይቀድምሽ ፍጠኝ አልኳት። ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ነበርና ሰማኋት፤ «መጣሁ» አለችኝ። እናቷ ማክሰኞ የሚሰሙት ይህንን ነው። ቀጥሎም በሩን ማን ከቆጠራ በፊት አስዘግቶት እንደነበርና ለምን እንደሆነ ይሰማሉ። የበሩን ቀለምም ካላስቀቡት እናሳያቸዋለን፤ ካስቀቡትም የት ላይ እንደነበር በጣቴ አሳያቸዋለሁ።

ስለዚህ ዋና ተጠሪነቱን ከነክፍሉ፣ ከነወንበሩ በአክብሮት መልሻለሁ። የፎቄን ተጠሪነት ግን ልጆቹ እጃቸውን አውጥተው የሰጡኝ ስለሆነ ለእነሱ ካልሆነ ለማንም አልመልስም። ከትናንት ምሽት ጀምሮ በፎቃችን ቆጠራ በሮች ተከፍተው ይካሄዳል። ፊት ለፊት እንተያያለን፤ ሪፖርቱም ይዘገይብዎታል። ከዶርም ለማስወጣት ከወሰኑ በሬን በማንኛውም ሰዓት ሊያንኳኩ ይችላሉ፤ ክፍሌን የሚያውቁበት ምልክት በሰሌዳዎ ምክንያት የተጻፈልኝ ቃል ነው።

ሰገነትዎ ከልብስ፣ መግቢያዎ ከነውር፣ ሪፖርትዎ ከጎደሎ የጸዳ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ እስከ ትናንት ጆሮዎ የነበርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ግን ለራሴ ዓይን የሆንኩ፣

የአራተኛ ፎቅ ተጠሪ

ማስታወሻ፦ ለአቤቱታ ወደ ቢሮዎ በመጣን ቁጥር ጸሐፊዎ በሩን ሳትከፍት ከውስጥ «የሉም» ብላ ትመልስልዎታለች። ደግ ልጅ ናት፤ እንደ ጡሩንባ ውለታ መሥራቷ ነው። ማክሰኞ እናቲቱን ይዤ መጥቼ አንኳኳለሁ። በሌላ ሰው ድምፅ የሚሰጠኝን መልስ ከእንግዲህ አልቀበልም። በሩን ከፍተው ፊትዎን ያሳዩን።