የገደሉ ጅብራ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? የእናንተ አገር የጨፋ ወባ ዘንድሮ እንደበረታ ልጅዎ ሙህዲን ነግሮኛል፤ አጎበሩን ሳይዘረጉ እንዳይተኙ አደራ። እኔና ዓፊያ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የፊት ጥርሷ ወልቋል። «አያቴ አኮ ሳታየው አይጣልም» ብላ በወረቀት ጠቅልላ ይዛልዎታለች።

በሙህዲን የላኩብኝ ነገር ደርሶኛል። «ልጄን ገደል የከተተው ምን ዓይነት ቅጠል ነው?» ማለትዎን ሰማሁ። ለቀስተኛው ሁሉ ከኋላዬ ሲያንሾካሹከው የከረመውን እርስዎ በግልጽ ስለጠየቁኝ አልተቀየምኩም።

ቅጠሉ የጅብራ ነው፤ የዚያ እንደ ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም የደጋ ተክል። ከሰንበቴ ገበያ ወደ ደጋው ቀና ሲሉ የሚታየው ተራራ ጫፍ ላይ ይበቅላል፤ ብርድ ካላገኘ አይኖርም። ባለቤቴ ሙስዐብ ለተማሪዎቹ እንዲህ ይል ነበር፦ ድሮ አገሩ ሁሉ ሲቀዘቅዝ ጅብራ ወደ ታች ወርዶ ከተራራ ተራራ ይገናኝ ነበር። ሙቀቱ ሲመለስ ሁሉም ወደየጫፉ ሸሽቶ እዚያው ብቻውን ቀረ። የትኛው ከየትኛው እንደተወለደ፣ መቼ እንደተለያዩ፣ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘረመል ይናገራል። እሱ ከየተራራው ይለቅማል፤ እኔ ላብራቶሪ ውስጥ ዘረመሉን አወጣና አነበዋለሁ። ሥራችን ይኸው ነበር። ባለፈው መስከረም ሲወጣ «የባሌውንም የሰሜኑንም አግኝተናል፤ የቀረን የደጃችን ብቻ ነው» ብሎኝ ነው የሄደው።

መንገድ የመራው ረጀብ፣ ያ የአርጎባ ሰው፣ ከቀብሩ በኋላ ሁሉን አጫውቶኛል። ጉም ወርዶ ነበር። «ነገም ቀን ነው፣ እንመለስ» ቢለው፣ ሙስዐብ ገደሉ አፍ ላይ ያሉትን ጅብራዎች አይቶ «እነዚህን ብቻ» አለው። ቆርጦ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሲዞር እርጥቡ ሣር አዳለጠው። ረጀብ በዙሪያ ወርዶ እስኪደርስለት ፀሐይ አዘቀዘቀች። ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ሸሃዳ ይዞ መሄዱን ሽማግሌዎቹ ነግረውዎታል። ረጀብም ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቷል። አላህ ይቀበለው።

ቦርሳው ዝናብ ሲመታው አድሮ ስለነበር ከቅጠሉ የተረፈው ጥቂት ነው። እሱኑ በእጄ ፈጭቼ ዘረመሉን አወጣሁ። ንባቡ ሲወጣ ያ ጅብራ ከጎረቤቱ ተራራ ይልቅ ለሩቁ ባሌ የቀረበ ዘመድ ሆኖ አገኘሁት። ማንም ያልጠበቀው ነገር ነው። ለሙስዐብ ልነግረው ከወንበሬ ብድግ ብዬ በሩ ድረስ ሄድኩ፤ እዚያ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

አንድ ንባብ ግን አይታመንም፤ መደገም አለበት። ሳልደግመው መብራት በፈረቃ ሆነ፣ ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ሁሉ ተበላሸ። የሌሎቹ ተራሮች ቅጠል ትርፍ አለው። የእሱ የለውም። ኃላፊያችን «ሐዘንሽ ይገባኛል፤ ግን ያንን ተራራ ከጥናቱ አውጪው» አሉኝ። የሞተበትን ተራራ! ረጀብ ዘንድ ደወልኩ። «እህቴ፣ የገብስ እርሻው ጫፍ ድረስ ወጥቷል፤ ጅብራውም ለማገዶ አልቋል። የቀረው ሰው የማይደፍረው ገደሉ አፍ ላይ ያለው ነው» አለኝ።

ስለ ሙህዲንም ልመልስልዎ። እሱ እንዲያገባኝ «የወንድሙን ቤት ያቅና» ማለትዎ ለእኔም ለልጅቱም አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። እሱም መሬት መሬት እያየ ነው የነገረኝ። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን ሲስቅ ቁርጥ ሙስዐብን ነው፤ ያንን ሳቅ በየቀኑ የምችልበት አንጀት የለኝም። አፉ ይበሉኝ።

ዓፊያን ግን እንደፈለጉት ከሙህዲን ጋር ልኬልዎታለሁ። ትምህርት ሳይዘጋ ለምን እንደምትወጣ ሙህዲን ቢጠይቀኝ የጥርሷን ነገር አንሥቼ ወሬ ለወጥኩበት። ወተት እንቢ ትላለች፤ ማር ጠብ ካደረጉበት ትጠጣለች። ጨለማ ትፈራለች፤ ከጎንዎ ያስተኟት። ልብሷን አንድ ሳላስቀር ሸክፌያለሁ። ሰፋፊዎቹ ጫማዎች ለከርሞና ከዚያ በኋላ እንዲሆኗት ብዬ የገዛኋቸው ናቸው፤ እግሯ እስኪደርስ ያስቀምጡላት። ስለ አባቷ ስትጠይቅ እርስዎ ይንገሯት፤ ከእኔ ይልቅ ሕፃንነቱን ያውቁታል።

ከሰኞ ጀምሮ ስልኬ ስለማይሠራ ቢደውሉ አያገኙኝም። ክረምቱ ሳይገባ የምጨርሰው ሥራ አለብኝ። ረጀብ መጀመሪያ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን እሺ አለኝ፤ ገመድ አዘጋጅቶ ተራራው ሥር ይጠብቀኛል። ዱዓ ሲያደርጉ እሱንም አይርሱት።

አላህ ለዓፊያ ሲል ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በልጅዎ ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን አይጨምርብዎ።

ምራትዎ፣
የዓፊያ እናት