ለደብሪቱ ያልተነገራት

ጥቅምት 4 ቀን 1978
አዋሳ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስገባ ሚስቴ ደብሪቱ ከሐይቁ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የመጣ ዓሣ እያጠበች ነበር። ቆማ መጨረስ አልቻለችም... ከማኅፀኗ የሚፈስሳት ደም ዛሬም አልቆመም።

ጥቅምት 12
አዲስ አበባ። ሐኪሙ እኔንና ወንድሟን ጉልላትን ለብቻ አስገባን። የማኅፀን ካንሰር። ለቀዶ ሕክምና ጊዜው አልፏል። የጨረር ሕክምናና መድኃኒት አንድ ላይ ቢሰጣት ይሻላል፤ መድኃኒቱ ጨረሩን ያግዘዋል አለ። ጨረሩ ግን አገራችን የለም። የሕክምና ቦርድ ከፈቀደ ምሥራቅ ጀርመን ትሄዳለች።
«ለእሷም ንገሯት» አለን።
ጉልላት በረንዳው ላይ ክንዴን ያዘኝ። «በድንጋጤ ትሞትብናለች። ቁስል ነው በላት።»
ቁስል ነው፣ ውጭ አገር ቶሎ ይድናል አልኳት። አመነችኝ።

ጥቅምት 13
አውቶቡስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። ለእሷ ብዬ ነው የዋሸሁት... ወይስ ለራሴ?

ኅዳር 2
አዲስ አበባ። ሕክምና ቦርዱ ፊት ብቻዋን ቀረበች። ስትወጣ ፈገግ ብላለች።
«ምን አልሻቸው?»
«ደህና ነኝ አልኳቸዋ። ደጅ ላይ አንዷን በቃሬዛ አምጥተዋታል። ለትንሽ ቁስል ባሕር ማዶ ምን ወሰደኝ? ቦታው ለባሰባት ይሁን አልኩ።»
ጉልላት ግድግዳውን ተደገፈ። የቦርዱ ሰው ጠራኝ። ታካሚዋ ራሷ አልሄድም ካለች አስገድደን አንልክም፤ ሐሳቧን ከለወጠች ወሩ ሳያልቅ ትምጣ አለኝ።
ደግነቷ ነው። ጥፋቱ የእኛ።

ኅዳር 5
አዋሳ። ነገርኳት። በሽታውን በስሙ ጠራሁት።

«ጉልላትም ያውቃል?»
«ያውቃል።»
«ሁላችሁም ተካፍላችሁት ለሕመሙ ባለቤት ለእኔ ነፈጋችሁኝ?»
ልነሣ ስል እጅጌዬን ይዛ አስቀመጠችኝ።
«ጨረሩ ያማል?»
«አላውቅም።»
«አልጠየቅህም?»
አልጠየቅሁም። ከእሷ እንዴት እንደምደብቀው ሳስብ...

ኅዳር 6
አላነጋገረችኝም። ምሳ ግን አቀረበችልኝ።

ኅዳር 19
እንደገና ቦርድ። ጉልላት አብሬሽ ልግባ አላት። «አንተ ትደነግጣለህ፣ እዚሁ ቆይ» አለችው።
በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፅዋ ይሰማል። «የማኅፀን ካንሰር አለብኝ። ባለፈው የተናገርኩት ሳላውቅ ነው። መሄድ እፈልጋለሁ።» ቀጥላ ጥያቄ... ስለ ማስመለሱ፣ ስለ ጸጉሯ መርገፍ፣ ሕክምናው ባይሠራስ።
ወጣች።
«ፈቀዱ። ከጥር በፊት እሄዳለሁ። የመዳን ተስፋዬ ግማሽ በግማሽ ነው አለኝ የቦርዱ ሐኪም።»
ጉልላት ዓይኑ ፈጠጠ። «እንዲህ ብሎ ነገረሽ?»
«ጠየቅሁት፤ ነገረኝ።»