የአባዬ ጆሮ ልክ

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ሰላምታችን ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን።

የአባዬን የመስሚያ መሣሪያ የምትሠራውን ሴትዮ ብታያት! ጆሮውን በሊጥ መሰል ነገር ሞልታ፣ «አባባ፣ ዝም አይበሉ፤ ሲያወሩ ጆሮም ቅርፁን ይለውጣል፣ ሊጡ እሱንም ይያዝ» አለችው። እሱም ያንተን የልጅነት ጉድ ጀመረልህ፤ ሊጡ ደርቆ ቢወጣም ማን ያስቁመው! ከዚያ በወጣው ቅርፅ ልክ ሞርዳ አለስልሳ ሠራችለት። እጇ ይባረክ፣ ጆሮው ውስጥ መኖሩም አይታወቅ።

ከጥቂት ወራት በፊት የሠራችለትም እንዲሁ ልክክ ያለ ነበር፤ ግን እየላላ ያፏጭ ጀመር። «ጆሮም ይከሳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

አሁን የበሩን መንኳኳት ከእኔ ቀድሞ ይሰማል። ወንድሜ፣ ይኼኛው ሳይላላ መጥተህ ድምፅህን አሰማው።

በር በር የምታይ እህትህ