ቀኝ በሱፍ፣ ግራ በጥጥ

ጥቅምት 3

ለመላው ዓለም፣ ማለትም ለእኔ፣ ይህ ይታወቅ! ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት በታማኝነት ያገለገለው ቡናማ ካልሲዬ ተበስቶ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት በይፋ አደባባይ ወጥቷል። ሟቹ የጫማ መወልወያ ሆኖ እንዲቀጥል ተወስኗል።

ዜናውን ለልጄ ብነግራት አልሳቀችም። ነርስ ናት፤ በእግሬ አትቀልድም። ስኳር አለብኝና እግሬ ላይ የምትወጣ ቁስል ቶሎ አትድንም። አምና አንዲት ውሃ የቋጠረች ቦታ ሁለት ወር አልጋ ላይ አጋድማኛለች። ከዚያ ወዲህ የእግር ጉዞዬ ከሳሎን እስከ በረንዳ ነው። ደርሶ መልስ!

ማታ የልጅ ልጄ ተነሳችልኝ። ሥራዋ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ እኔ ግን "ጠበቃዬ" ነው የምላት።

"እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ግድግዳ ሊወጣ ምንም አልቀረው።"

ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ፣ ፍርዱ ወጣ። ጥቅምት 27፣ እሑድ፣ ገጠር፣ አንድ ጉዞ። ስመለስ እግሬ ይመረመራል። አንዲት ቁስል ከተገኘች…

"ጫማህ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ አባዬ። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።"

ሃያ አራት ቀን አለኝ! እንቅልፍ ዛሬ የት አባቱ ይመጣል?

ጥቅምት 5

ካልሲ ሱቅ። ሻጯ ትሕትናዋ ልክ የለውም።

"አባባ፣ ጥቁር ነው ግራጫ የሚፈልጉት?"

"ቀለም ምን ያደርግልኛል? ጫማ ውስጥ እንደሆነ ጨለማ ነው።"

አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ጣት ጋ ያለው ስፌት ከጎረበጠ፣ ወደዚያ። ተረከዙ ብርሃን ካሳለፈ፣ ወደዚያ። አፉ ጠብቆ ከያዘኝም ወደዚያ። አንዱን እጄ ላይ አጥልቄ "እንደምን ዋልሽ ልጄ?" አሰኘሁት። ከት ብላ ሳቀች።

"ሚስትዎንም እንዲህ አገላብጠው ነው የመረጡት?"

"ኧረ ተይኝ፣ ያኔ የተገላበጥኩት እኔ ነበርኩ!"

ሁለት ዓይነት ይዤ ወጣሁ። ወፍራም ጥጥ፣ እና ናይለን የተቀላቀለበት ሱፍ። እሷ "ጥጥ ላብ ይዞ ይቀራል፣ ሱፉን ያድርጉ" አለች። እኔ ዕድሜ ልኬን የጥጥ ሰው ነኝ። ማን ይፍረድ? እግሮቼ!

ጥቅምት 6

ቀኝ በሱፍ፣ ግራ በጥጥ። የሕንፃውን ደረጃ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ።

ጥቅምት 7

ዛሬም ደረጃ። የታችኛዋ ጎረቤት በሯን ከፍታ "ምን ጠፍቶብዎት ነው?" አለችኝ። "ግራዬ ግራ ገብቶት ነው" አልኳት። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው… ሁለቴ ቆለፈችው።

ጥቅምት 10

ውጤት። ግራ፦ እርጥብ፣ ካልሲው ከተረከዝ ሥር ተጨማዶ የተጠቀለለ። ቀኝ፦ ደረቅ፣ ካልሲው ንቅንቅ ያላለ። የስድሳ ዓመት የጥጥ ደጋፊ ዛሬ እጁን ሰጠ።

ጥቅምት 12

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ከእኔና ከጠበቃዬ ጋር የሚሄደው ወዳጄ ሹፌሩ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጠዋት ስልክ ደውዬ "ለጉዞው ጥሩ መሪ ፈልግልኝ" አልኩት። የእግር መንገዶችን የሚያሳይ መጽሐፍ ማለቴ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ብከፍት… የጭነት መኪና መሪ ታቅፎ ቆሟል! ክቡን፣ ጥቁሩን፣ ራሱን!

"የየትኛው መኪና እንደሆነ አልነገርከኝም። አሮጌ ዕቃ ሻጩ ጋ ሁለት ነበር፣ ትልቁን አመጣሁልህ።"

"አንተ ሰው፣ በእግር እኮ ነው የምንሄደው!"

"እኔም ገርሞኝ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜህ ወደ ጎን መሳብ ጀምረሃል ብዬ…"

ጠበቃዬ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። መሪው በረንዳ ላይ ተሰቅሏል።

ጥቅምት 16

መጽሐፉ ተገኘ፤ እንዲያውም ሁለት። አንዱ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ፎቶው የሚያስጎመጅ። አንዷ ቀጭን፣ ኪስ የምትገባ፣ ካርታዋ በእጅ የተሳለ። እንዴት ይመረጣል?

ብልሃት መጣልኝ። ሁለቱም ውስጥ እኔ የማውቀውን መንገድ ፈለግሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ከሠራሁበት የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ያለውን። ትልቁ "ድልድዩን ይሻገሩ" ይላል። የቱን ድልድይ? ጎርፍ ከወሰደው አራት ዓመቱ! ቀጭኗ ግን "ድልድይ የለም፣ ዝቅ ብለው በድንጋዮቹ ላይ ይሻገሩ። ውሻው ይጮኻል እንጂ አይነክስም" ትላለች።

ውሻውን አውቀዋለሁ! በማውቀው መንገድ ካልዋሸችኝ በማላውቀውም አትዋሸኝም። ቀጭኗ ተሹማለች።

ጥቅምት 26

ነገ! ጥፍሬን ልጄ ቆረጠችልኝ። "አባዬ፣ ትንሽ ሙቀት ቢጤ ከተሰማህ ወዲያው ቁም። ካልሲህን አውልቀህ እይ። ቃል ግባልኝ።" "ምልምል ወታደር አደረግሽኝ እኮ" ብዬ ነገሩን በሳቅ አለፍኩት። ቃል አልገባሁም። አልሳቀችም።

ጥቅምት 27

ሄድኩ! ስምንት ኪሎ ሜትር!

ቀጭኗ "ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ወደ ግራ" አለች፣ ቋጥኙ እንደተባለው ተሰንጥቆ ጠበቀን። ሹፌሩ በየኩርባው ሁለት እጁን ዘርግቶ አየር ላይ መሪ ያዞራል፣ ላሞች መንገድ ሲዘጉ በአፉ ጡሩንባ ይነፋል። ጠበቃዬ ከፊት ከፊት። ነፋሱ! የሣሩ ሽታ! እኔም አንድም ጊዜ አልቆምኩም። የልጄን ምክር ቋጥኙ ሥር ጥዬ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት።

ቤት ስገባ ወንበር ተዘጋጅቷል፣ የእጅ ባትሪ በርቷል። ልጄ ተንበርክካ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው። ግራ… ቀኝ… ተረከዝ… እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ቁልፉ ትዝ አለኝ።

"ምንም የለም" አለች። እንደገና አየች። "ምንም የለም፣ አባዬ!"

ጠበቃዬ ጮኸች፣ የታችኛዋ ጎረቤት ጣሪያዋን በመጥረጊያ ደበደበች።

ጥቅምት 29

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ከረጢት ይዛ ገባች። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ በትንሽ ቁጥር።

"ለማን ነው?"

"ለእኔ። በሚቀጥለው አብሬህ ነኝ። እግርህን ቤት ቁጭ ብዬ ከምጠብቀው እዚያው መንገድ ላይ ልየው።"

ሱቅ ውስጥ ገልብጣ ስፌቱን በጣቷ ስትዳብስ ሻጯ "የእኚያ አባባ ልጅ ነሽ?" አለቻት። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች። ስለ እግሬ እየተወራ ሳቀች!

እንግዲህ አንድ ነገር ላርም። የመኪናው መሪ እውነት ነው፣ በረንዳ ላይ አለ። ውሻውም እውነት ነው። የፈጠርኩት "አንድም ጊዜ አልቆምኩም" ያልኩትን ነው። ቋጥኙን አለፍ እንዳልን ትንሿ ጣቴ ሥር ሙቀት ተሰማኝ። ቆምኩ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልክ እንደነገረችኝ ካልሲውን አወለቅሁ። አንዲት እሾሃማ የሣር ፍሬ ገብታ ኖሯል፤ ነቅዬ ጣልኳት።

ሹፌሩ "ምን ሆነህ ቆምክ?" ሲለኝ "ጎማ እያየሁ ነው" አልኩት።