ከሸሚዞቹ ሥር የነበረው ሳንቃ

ኮና፣ ሃዋይ
ኦገስት 21 ቀን 1978

በሄደችበት ሁሉ ልቤን ይዛ ለምትዞረው ልጄ ለኖሄያ፤

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ሳምንት አለፈ። እየደጋገምኩ ስላነበብኩት ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። ዛሬ ሰኞ ነው፤ የምተኩሰው የሆቴሉ ልብስ እስከ ከሰዓት አይመጣም። ጠዋት አካፍቶ አቆመ። አሁን ባሕሩ የት ላይ አልቆ ሰማዩ የት ላይ እንደሚጀምር አይለይም፤ ሁሉም አንድ ግራጫ ሐር ሆኗል። እንዲህ ባለ ቀን ከአፌ የሚወጣውን ብዙ አልፈራም። ስለዚህ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። የማዕበል ግልቢያ ውድድራችሁ በዲሴምበር ወደ ኦአሁ ደሴት ሲመጣ፣ ከዚያ ተሻግረሽ ገናን ቤት ማክበር ትፈልጊያለሽ። «ሳንቃዬ ግን አብሮኝ ይገባል፣ እማዬ። ያ ሕግሽ አሁንም ካለ ጻፊልኝና ሆኖሉሉ ጓደኛዬ ጋ እቀራለሁ። አልቀየምሽም» ብለሻል። «አልቀየምሽም» ያልሽበት ቦታ ቀለሙ ወፍሯል። እስክሪብቶውን ተጭነሽዋል።

ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ባሕሩ አባትሽን ሊኮን ወስዶ ሬሳውን በሦስተኛው ቀን በመለሰልን ሳምንት ነው ያወጣሁት። አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ሳንቃውን ግን ባሕሩ አስቀረው ብዬ ነገርኩሽ። ከዚያ ወዲህ የማዕበል ሳንቃ ከዚህ ቤት ደጃፍ አላለፈም። የራስሽን ስታገኚ አጎቴ በምለው በካይና በረንዳ ላይ እያሳደርሽው፣ ጸጉርሽን እዚያው አድርቀሽ ትገቢ ነበር። ጨው ጨው ትሸቺ ነበር፤ እኔም አፍንጫ እንደሌለኝ ሆኜ የጎደሬ ገንፎሽን አቀርብልሽ ነበር። ስንት ዓመት እንዲህ ተግባባን! በአሥራ ስምንት ዓመትሽ ስትሄጂ እንኳ ሳንቃሽን ከእሱ ቤት ወስደሽ፣ ከእኔ ቤት ሻንጣሽን ብቻ ይዘሽ ነው የወጣሽው።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ፤ ከጠየቅሽኝ ጋር ይገናኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት የካይና የአጎት ልጅ ሞተችና ካይና የቀብር ሸሚዙን ይዞ መጣ። ሰማንያ ሁለት ሞልቶታል፤ ጥርስ የለውም እንጂ አፍ አለው።

«ካፔካ፣ አንገቴ ስለቀጠነ ኮሌታውን አጠንክሪልኝ። ዘመዶቼ ቀጥሎ እሱ ነው እያሉ እንዳይለኩኝ።»

«አንተማ ሁላችንንም ቀብረህ ነው የምትሄደው።»

«ታዲያ ለዚያ ነው እኮ ሸሚዝ የሚያስፈልገኝ!»

እያሳቀኝ ካውያው ከእጄ አመለጠና የመተኮሻውን ልብስ አቃጠለው። ልብሱን አንሥቼ የተቃጠለውን ልቀይር ስገፈው ከሥሩ ያለው እንጨት ራቁቱን ቀረ። ታውቂዋለሽ፤ በሁለት ሣጥን ላይ የተጋደመው፣ ጫፉ ክብ የሆነው፣ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ ሥሩ የምትደበቂበት። እኔም ሕፃን ሆኜ እዚያው ሥር ተደብቄያለሁ። ያሳደገችኝ አያቴ ቱቱ የምትተኩስበት ነበር፤ ከእሷ በፊትም የእናቷ የማካላፑአ ነበር።

ካይና ሳቁ ቆመ። ተነሥቶ የእንጨቱን ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ቁልቁል ጎንበስ ብሎ ሆዱን አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አንቺ ልጅ፣» አለኝ፣ «ሱሪዬን ስንት ዓመት ተኮስሽልኝ?»

«ሠላሳ ይሆናል። ምነው?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሱሪዬን በቅድመ አያትሽ ማዕበል ላይ አስጥተሽዋል።»

ጃጀ ብዬ ነበር። እሱ ግን እጄን ይዞ ጠርዙ ላይ አስቀመጠው። ዳሩ እንደ ቅጠል ሳስቶ ያልቃል፤ ሆዱ ትንሽ ያብጣል፤ ጠረጴዛ እንዲህ አይጠረብም። ጥንት ሳንቃ የሚጠረብበት የኮአ እንጨት ነው። የካይና አባት እንዲህ ያለ ነበረው፤ ዛፉ ሲቆረጥ ከሥሩ በተማሰው ጉድጓድ ለመሥዋዕት ቀይ ዓሣ ተቀብሮለታል። በማካላፑአ ዘመን ማዕበል መጋለብ የሥራ ፈቶች ነውር ነው ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በየቤቱ እየዞሩ ሳንቃ ሰበሰቡ፤ ለትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበር ሆነ። የካይና እናት እንደነገረችው ማካላፑአ ሁለት ሳንቃ አስረከበች፣ ሦስተኛው የለኝም አለች። ሊፈትሹ ሲገቡ ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። የአንደኛውን ሽማግሌ ሸሚዝ!

«ተኩሳ ሰጠችው፣ አመስግኖ ሄደ» አለኝ ካይና። «ከዚያች ቀን በኋላ ውሃ ውስጥ አልታየችም። ሁሉም ተወችው አለ። እናቴም ተወችው ነው ያለችኝ።»

አልተወችውም፣ ኖሄያ። ይኸን ያወቅኩት ሌላ ነገር ሳስታውስ ነው። ጥንት ሳንቃ ከባሕር ሲወጣ በጥላ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል፣ ቤት ውስጥ ይኖራል። ውጭ የሚያድር ሳንቃ ባለቤት እንደሌለው ውሻ ይቆጠር ነበር። ቱቱም በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ መተኮሻውን ገልጣ የኩኩይ ፍሬ ዘይት ታጠጣው ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሸሚዝ እንዳያበላሽ፣ እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» ትለኛለች። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። በየዓመቱ፣ አንድም ዓመት ሳልዘል። የሚተርፈውን ዘይት ደግሞ ለሌላ ነገር እጠቀምበት ነበር። ሦስት ሴቶች ለመቶ ዓመት ያህል አንድ ሳንቃ በጨርቅ ጠቅልለን፣ ዘይት አጠጥተን፣ በሰው ሁሉ ፊት ቤት ውስጥ አኖርን። ሁለታችን ምን እያደረግን እንደሆነ አናውቅም ነበር። በዚያው ቤት ነው እንግዲህ እኔ ሳንቃ አይገባም ያልኩት።

የቱቱን ሣጥን ታስታውሺያለሽ፤ ውስጡ በድሮ ጋዜጣ የተለጠፈው። ትምህርት ቤት የቆየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የአያቶቻችንን ቋንቋ ማንበብ የተማርኩት ጭንቅላቴን ሣጥን ውስጥ ከትቼ ነው። ካይና ከሄደ በኋላ ብርድ ልብሶቹን አውጥቼ እንደገና ገባሁበት። ከጎኑ ላይ እንዲህ ይላል፦ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ጎደሬው ሳይነቀል መረቡም ሳይጠገን ቀረ፤ አለቃውም ገበሬውም፣ ሴቱም ወንዱም ባሕር ውስጥ ነው፤ በመንደሩ የቀረው ውሻ ብቻ ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ሴቶች ሊወዳደሩ እንደወጡ ይናገራል። አንዷ አሳማዋን፣ አንዷ አዲስ ምንጣፏን አስይዘዋል። አብረው ተነሡ፣ አብረው ቆሙ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ዘንድ ቀድማ የደረሰችውም... እዚያ ላይ መቀሱ ቆርጦታል። ማን እንዳሸነፈች ሳላውቅ አረጀሁ።

አንቺ ደግሞ «ማማ ላይ የተቀመጡ አምስት ሰዎች በእርሳስ ቁጥር ይሰጡኛል፤ አንዳንዴ ማዕበሉን ሳይሆን ቁጥሩን የምጋልብ ይመስለኛል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ከአውስትራሊያ፣ ከብራዚል፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ልጆች፣ ከብዙ ሰዓት በረራ በኋላ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ማን እንደበለጠ ይነገራቸዋል። ስለ ቁጥር አላውቅም። ግን አሳማ የተያዘበትም ጊዜ ነበር፤ ሰው ውሃ ላይ ሲቆም ሌላው ሰው ዳር ሆኖ ማነጻጸሩ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ ቁራጭ ላይ እኔ ዘንድ የደረሰው አብረው መቆማቸው ነው። ምንጣፉ የት እንደገባ ማንም አያውቅም።

አሁን የምነግርሽን እንዳትስቂብኝ። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ካይናና እኔ ሳንቃውን በአልጋ ልብስ ጠቅልለን ወደ ትንሹ ባሕር ዳር ወሰድነው። ሰው እንዳያየን ነበር። ውሃው እንደ ወተት ነጭና ለብ ያለ፣ ከተራራው የወረደው ጭጋግ ላዩ ላይ ተኝቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስተኩስ ፊቴን ወደ ግድግዳ ነበር የማዞረው፤ ጠረጴዛው እንዲህ ቢቀመጥ ይመቻል እያልኩ። ባሕሩ ግን ምንም እንዳልሆነ ጉልበቴን ነካኝ። እንደማውቀው።

ካይና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከአሸዋው የነቀለውን ሐረግ ይዞ ውሃውን ይገርፋል፤ ጥንት ማዕበል የሚጠራው እንዲህ ነው። «ተነሥ! ተነሥ! ረጅሙ ይምጣ!» ይላል። ከዚያ ወደ እኔ አየና «ኧረ ረጅሙ ይቅር፣ አጭሩን ላክልን፣ ሴትዮዋ ወፍራለች!» አለ።

ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ሳንቃው ቀጭን ነው፤ ስወጣበት አብሮኝ ይሰምጣል።

«እንዲያ አይደለም! ሸሚዝ መሰለሽ እንዴ? አትጫኚው፣ ተኚበት!»

ተኛሁበት። ጉንጬን እንጨቱ ላይ አደረግሁ። የዘይቱ ሽታ አለው፤ የሸሚዞቹም ሁሉ ሽታ አለው። ከኋላዬ አንዳች ነገር ቀስ ብሎ እግሬን አነሣኝ፣ ከዚያ ወገቤን። እኔ አይደለሁም የሄድኩት፤ ዳርቻው ነው ወደ እኔ የመጣው። ጭጋጉ በሁለት ተከፈለልኝ። ድምፅ አልነበረም። ሌላ ሰው ከጎኔ አብሮኝ የሚንሸራተት መሰለኝና ዞሬ ለማየት ፈለግሁ፤ ግን አልዞርኩም፣ ባየውስ? ወደ አሸዋው ሲያደርሰኝ ካይና ቁጭ ብሎ ሐረጉን ጭኑ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። «ጭሱ ነው» አለኝ። ምንም ጭስ አልነበረም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው። ነይ። ሳንቃሽን በፊት ለፊቱ በር ይዘሽ ግቢ።

የምተኩሰው አሁን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፊቴም ወደ መስኮቱ ነው። ካይና ግድግዳው ላይ የሳንቃ ማንጠልጠያ ሊመታ ጣውላ ፍለጋ ከቤቱ ወለል ሥር ገብቶ ነበር። ብዙ ቆየ። ጉልበቱን አቧራ ሞልቶት እጁን እያሸተተ ወጣ። የሚቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁት። «ሁለት ጥንድ ነው ያልሽኝ፣ ወይስ ሦስት?» አለኝ ብቻ።

«ሦስት አድርገው» አልኩት።

ሌላ ሳይጠይቀኝ ሦስት ጥንድ መታ። የታችኛው የማካላፑአ ነው። መካከለኛው ያንቺ ነው፤ የሳንቃሽን ርዝመት በስንዝር ሳይሆን በትክክል ለክተሽ ላኪልኝ፤ ካይና ይጨቃጨቃል። የላይኛውን አሁን አትጠይቂኝ፤ ባሕሩ አላስቀረውም። ስትመጪ በእጅሽ ዳብሺው። አሥራ አንድ ጊዜ ዘይት ጠጥቷል።

ልጄ፣ ማዕበሉ በአቅምሽ ይምጣልሽ። ስትወድቂ ውሃው እንደ እናት ይቀበልሽ፤ ያቺ እናት ግን ከእኔ የተሻለ ቀና ልብ ይኑራት። ማማ ላይ ያሉት ሰዎች እርሳሳቸው ይሳልላቸው፣ ዓይናቸውም ይብራላቸው። ወደ ቤት የሚያመጣሽ ንፋስ ዲሴምበርን ሳይጠብቅ ዛሬ ይነሣ።

በር ላይ ሆኜ የምጠብቅሽ፣
እናትሽ ካፔካ